ሞዲፋይ ለተደረገ የዕለት ተዕለት መኪና የትኛው የፍሬን ሸራ ይሻላል?

መኪናውን የሚያሻሽል ሰው ገንዘቡን መጀመሪያ የሚያፈሰው ፍጥነት ላይ ነው። ቱርቦ ይጨምራል፣ የሞተሩን ፕሮግራም ያስቀይራል፣ ጎማና ቸርኬውን ያሰፋል፣ ሞላውን ያሳጥራል። ፍሬን ትዝ የሚለው መጨረሻ ላይ ነው። ያውም ረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ባህሪውን ሲቀይርበት። ከዚያ የሸራ ፍለጋው ይጀመራል። ካርቶኖቹ ላይ «ስፖርት»፣ «ሬሲንግ»፣ «ሴራሚክ»፣ «ፕሪሚየም» የሚሉ ቃላት ተደርድረዋል። ከነዚህ ውስጥ ግን አብዛኞቹ መለኪያ የላቸውም። አንዱ አምራች «ስፖርት» ያለው ሌላው ተራ ብሎ ከሚሸጠው ላይሻል ይችላል።

ስለዚህ እዚህ የምርት ስም አልጠራም። መጀመሪያ መመዘኛዎቹን እናስቀምጣለን፤ ከዚያ የሸራ ዓይነቶቹን በነሱ እንፈትሻለን። የኔን አቋም ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ። በየቀኑ የሚነዳ መኪና ሸራ ሲመረጥ ሁለት ጥያቄ አለ፦ ቀዝቅዞ እያለ እንዴት ይይዛል? ሲግልስ እስከ ምን ድረስ ይዘልቃል? ብዙ ሰው ሁለተኛውን ብቻ ይጠይቃል። ጠዋት ከግቢ ወጥታችሁ ልጅ መንገድ ላይ ሲገባባችሁ የምትረግጡት ፍሬን ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

መኪናችሁ ላይ ምን ተቀየረ?

ፍሬን የሚሠራው ቀላል ነገር ነው። የመኪናውን የእንቅስቃሴ ኃይል ወደ ሙቀት ይቀይራል። መኪናው በ10 በመቶ ቢከብድ ሙቀቱም በ10 በመቶ ይጨምራል። ፍጥነት ግን እንዲህ የዋህ አይደለም። ያው መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድና በ140 ሲሄድ ለመቆም የሚያመነጨው ሙቀት ሁለት እጥፍ ገደማ ይለያያል። ሞተሩ ሲጠነክር ደግሞ በአንዱ ፍሬንና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ ያጥራል። ቶሎ ትፈጥናላችሁ፣ ቶሎ ትይዛላችሁ። ሸራው የሚጨብጠው የብረት ዲስክ የሚቀዘቅዝበት ፋታ አያገኝም።

ጎማና ቸርኬም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። የጎማው ጠቅላላ ቁመት በ5 በመቶ ከጨመረ፣ በያው ርግጫ መሬት ላይ የሚደርሰው የፍሬን ኃይል በ5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከባድ ቸርኬ ከሆነ መሽከርከሩን ለማስቆም ተጨማሪ ሥራ ይጠይቃል። በሌላ በኩል መሬት ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ጎማ ካስገባችሁ፣ ጎማው መሸከም የሚችለው የፍሬን ኃይል ከፍ ይላል። ያኔ የድሮው ሸራ ወደኋላ ሊቀር ይችላል።

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። አሁን ባለው ሸራ ፍሬኑን በኃይል ስትረግጡ ኤቢኤሱ (ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሲስተም) የሚሠራ ከሆነ፣ አቅሙን የጨረሰው ሸራው ሳይሆን ጎማው ነው። አዲስ ሸራ ያቺን አንድ ፍሬን አያሳጥርላችሁም። የሚያሳጥረው አምስተኛውንና ስድስተኛውን ነው፤ ሙቀት ሲጠራቀም የሚመጣውን። «ሸራ ቀይሬ ለውጥ አላየሁም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩ ጎማው ላይ ነበር።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው የቀዝቃዛ ፍሬን አያያዝ ነው። ሁለተኛው ሙቀትን መቋቋም ነው። ሦስተኛው የእግር ስሜት፣ ማለትም ትንሽ ስትረግጡ ትንሽ፣ ብዙ ስትረግጡ ብዙ መያዙ። ትራፊክ በተጨናነቀበት መንገድ ለሚነዳ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሲነኩት ገና ቀጥ የሚል ፍሬን በሁለተኛው ቀን ያማርራል። አራተኛው ዲስኩን ምን ያህል እንደሚበላ፣ ራሱስ ምን ያህል እንደሚቆይ ነው። አምስተኛው ጩኸትና ብናኝ። ስድስተኛው ዋጋ ነው። ዋጋ ስል የሸራውን ብቻ አይደለም፤ ዲስክ የሚጨርስ ርካሽ ሸራ ርካሽ አይባልም።

ሰባተኛውን ትንሽ ላብራራው፤ የሸራው ላይ ጽሑፍ ነው። የአሜሪካን አሠራር የሚከተሉ ሸራዎች ጠርዛቸው ወይም ጀርባቸው ላይ ከሚታተመው ኮድ ጋር ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ። የመጀመሪያው ፊደል ሸራው በመደበኛ ሙቀት ያለውን የሰበቃ መጠን፣ ሁለተኛው ሲግል ያለውን ያሳያል። «ኢ» ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» ከ0.35 እስከ 0.45፣ «ጂ» ከ0.45 እስከ 0.55 ነው። «ኤች» ከዚያ በላይ ነው። ሁለቱም ኤፍ ከሆኑ ሸራው ሲግልም ብዙ አይወርድም ማለት ነው። የመጀመሪያው ኤፍ፣ ሁለተኛው ኢ ከሆነ ሙቀት ሲመጣ እንደሚዳከም ራሱ እየነገራችሁ ነው። ይህ ፊደል የሚሰጠው ግን ትንሽ የሸራ ቁራጭ ማሽን ላይ ተፈትኖ ነው። ስለ ጩኸት፣ ስለ ዕድሜና ስለ እግር ስሜት ምንም አይናገርም። ደካማውን ለማጣራት ይጠቅማል፤ ምርጡን ለመምረጥ ግን አይበቃም።

የአውሮፓው ደንብ አር 90 ይባላል። ይህን ማኅተም ያገኘ ሸራ የመያዝ አቅሙ ከመኪናው ፋብሪካ ሸራ ከ15 በመቶ በላይ እንዳይርቅ ይጠበቅበታል። ወደላይም ወደታችም። ስለዚህ አር 90 ያለው «ስፖርት» ሸራ ስትገዙ ፍሬኑ እጥፍ ይይዛል ብላችሁ አትጠብቁ። የምትገዙት የሙቀት ትዕግሥትና የተሻለ የእግር ስሜት ነው። ለዕለት መኪና ደግሞ ይሄ ጥሩ ዜና ነው፤ የፊትና የኋላ ፍሬኑ ሚዛን አይናጋም። ደንቡ ከሚሠራባቸው አገሮች በአንዳንዶቹ ማኅተሙ የሌለው የትራክ ሸራ መንገድ ላይ መንዳት አይፈቀድም። የምትኖሩበትን አገር ሕግና የኢንሹራንስ ውላችሁን አስቀድማችሁ እዩ።

አማራጮቹ

*ኦርጋኒክ ሸራ።* ከቃጫ፣ ከጎማና ከሙጫ የተሠራ ነው። ብዙ አዳዲስ መኪኖች ከፋብሪካ ይዘውት ይወጣሉ። ዝም ያለ ነው፣ ዲስክ አይጎዳም፣ ቀዝቅዞም ጥሩ ይይዛል። ችግሩ ሙቀት ነው። ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ብዙዎቹ መድከም ይጀምራሉ። ጉልበት ለተጨመረበት መኪና አልመክረውም። ማሻሻያው ቸርኬና ድምፅ ብቻ ከሆነ ግን ምንም አይልም።

*ሴራሚክ ሸራ።* ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። ከሱፐር መኪኖች የካርቦን ሴራሚክ ዲስክ ጋር ግንኙነት የለውም። እነዚያ የራሳቸው ልዩ ሸራ አላቸው። ይሄኛው የሴራሚክ ቃጫ የተጨመረበት የኦርጋኒክ ዘመድ ነው። ብናኙ ትንሽና ፈዛዛ ስለሆነ ቸርኬ አያጠቁርም። ጩኸቱ ትንሽ ነው፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ሙቀትን ከተራው ኦርጋኒክ የተሻለ ይችላል። ሲነኩት ግን ለስለስ ይላል፤ ጠንከር ያለ የመጀመሪያ አያያዝ የሚፈልግ ሹፌር አይወደውም። ቆንጆ ነጭ ቸርኬ ያለው፣ ከተማ ውስጥ የሚነዳ፣ ጉልበቱ በመጠኑ የተጨመረ መኪና ካላችሁ ጥሩ የተሠራ ሴራሚክ ይበቃችኋል።

*ዝቅተኛ ብረት ያለው ሸራ።* ከ10 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ብረት ነው። የአውሮፓ መኪኖች ብዙ ጊዜ ይጠቀሙበታል። ሲነኩት ወዲያው ይይዛል፣ የእግር ስሜቱም ግልጽ ነው። ብናኙ ግን ይበዛል። መኪናውን ዛሬ አጥባችሁ ከነገ ወዲያ የፊት ቸርኬው ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። ብናኙን የማትጠሉ ከሆነ፣ ለኔ ከተራ ሸራዎች ሁሉ ሞዲፋይ ለተደረገ መኪና የሚቀርበው ይሄ ነው።

*ከፊል ብረት ሸራ።* ከ30 እስከ 65 በመቶ የሚሆነው ብረት ነው። ሙቀት ይችላል፣ ሙቀቱንም ያስተላልፋል። ከባድ ዕቃ ለሚጭን ወይም ተጎታች ለሚጎትት መኪና ተመራጭ ነው። ዋጋውም ብዙ ጊዜ መካከለኛ ነው። በአንጻሩ ሲቀዘቅዝ ትንሽ ይሰንፋል፣ ሊጮህ ይችላል፣ ዲስክንም ቶሎ ይጨርሳል። ሙቀት ስለሚያስተላልፍ የፍሬን ዘይቱ አዲስ መሆን አለበት። ሙቀቱ ሸራውን በሚገፋው ፒስተን በኩል ወደ ዘይቱ ይሄዳል።

*ፈጣን የመንገድ ሸራ።* ይሄ የማቴሪያል ስም አይደለም፤ ደረጃ ነው። ከላይ ካየናቸው ቅይጦች በአንዱ ሊሠራ ይችላል። ዓላማው ከቀዝቃዛ ጀምሮ እስከ 500 ዲግሪና ከዚያ በላይ አያያዙን ሳይለውጥ መዝለቅ ነው። አምራቹ የሰበቃና የሙቀት ግራፍ ካወጣ እሱን እዩት። ከፍተኛውን ቁጥር ትታችሁ የግራፉን ግራ ጫፍ ተመልከቱ። መስመሩ ከ50 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ከፍ ብሎ ከተነሣና ጠፍጣፋ ሆኖ ከሄደ ሸራው የዕለት መኪና ሸራ ነው። ከታች ተነሥቶ እንደ ዳገት የሚወጣ ከሆነ፣ ሳይሞቅ አይሠራም ማለት ነው። ግራፍም የሙቀት ክልልም የማይሰጥ አምራች «ስፖርት» ቢል ተጠራጠሩ።

*የትራክ ሸራ።* ለውድድር ሜዳ የተሠራ ነው። ብዙዎቹ 150 ወይም 200 ዲግሪ ካላለፉ በደንብ አይይዙም። ከተማ ውስጥ ስትነዱ ደግሞ ዲስኩ ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ሸራው ቀዝቅዞ ዲስኩን እንደ ሞረድ ይፈጨዋል። ሲጥ የሚለው ድምፅ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ብናኙ እርጥበት ሲያገኝ ቸርኬው ላይ ይዝግና ቀለሙን ይበላል። «ኃይለኛ ነው» ተብሎ ለዕለት መኪና የሚገባ የትራክ ሸራ መኪናውን በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት ደካማ ያደርገዋል። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ሲንተርድ የሚባለው፣ በሙቀትና በግፊት ከተጋገረ የብረት ዱቄት የሚሠራው፣ በብዛት የሞተር ሳይክል ነገር ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

| ዓይነት | ቀዝቃዛ አያያዝ | ሙቀት መቋቋም | ጩኸትና ብናኝ | ዲስክ ላይ ያለው ጫና | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| ኦርጋኒክ | ጥሩ | ዝቅተኛ | በጣም ትንሽ | ትንሽ | ዝቅተኛ |
| ሴራሚክ | ጥሩ፣ ለስላሳ | መካከለኛ | በጣም ትንሽ | ትንሽ | መካከለኛና ከዚያ በላይ |
| ዝቅተኛ ብረት | በጣም ጥሩ | መካከለኛና ከዚያ በላይ | ብናኙ ብዙ | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ከፊል ብረት | መካከለኛ | ከፍተኛ | ሁለቱም አለ | ከፍ ያለ | መካከለኛ |
| ፈጣን የመንገድ | ጥሩ | ከፍተኛ | እንደ ቅይጡ | መካከለኛና ከዚያ በላይ | ከፍተኛ |
| የትራክ | ደካማ | በጣም ከፍተኛ | በጣም ብዙ | በጣም ከፍ ያለ | በጣም ከፍተኛ |

ሰንጠረዡ አጠቃላይ ነው። በአንድ ዓይነት ውስጥ ጥሩና መጥፎ ሸራ አለ። በተጨማሪ የቆየ አስተያየት አንብባችሁ አትግዙ። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ከ0.5 በመቶ በላይ መዳብ ያለበትን ሸራ ከልክላለች። ብዙ አምራቾች መዳቡን ለማውጣት ቅይጣቸውን ቀይረዋል። በያው ስም የሚሸጠው ሸራ ከዓመታት በፊት ሰው ያሞገሰው ላይሆን ይችላል።

ከመግዛታችሁ በፊት ፔዳሉን አዳምጡ

ፍሬን ሲደክም ሁለት የተለያየ በሽታ ሊሆን ይችላል። መድኃኒታቸውም ይለያያል። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ፣ በኃይል እየረገጣችሁ መኪናው ግን የማይቆም ከሆነ፣ ሸራው ከአቅሙ በላይ ግሏል። የሸራ ለውጥ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ ግን የፈላው የፍሬን ዘይቱ ነው። በዓለም ውድ የሆነውን ሸራ ብትገዙ አይድንም።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ሲስብ ደግሞ የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው፤ ዶት 4 ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ መቋቋም አለበት። እርጥበት ሲገባበት እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ዶት 5.1 ከ260 ወደ 180 ይወርዳል። ዶት 5 የሚባለው ግን ሲሊኮን ስለሆነ ከሁለቱም ጋር አይቀላቀልም፤ በቁጥሩ መመሳሰል እንዳትሸወዱ። ጉልበት ለተጨመረበት መኪና ዘይቱን ቢበዛ በየሁለት ዓመቱ መቀየር ጥሩ ነው።

መሪው ፍሬን ስትይዙ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ መካኒኩ «ዲስኩ ተጣሟል» ይላችሁ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን የሸራው ቅሪት ዲስኩ ላይ ወጣ ገባ ሆኖ ስለተጣበቀ ነው። ሸራ ብቻ ቀይራችሁ በዚያው ዲስክ ላይ ብትቀጥሉ መንቀጥቀጡ አብሮ ይቀጥላል። ዲስኩ በማሽን ይጠረግ ወይም ይቀየር። ዝቅተኛው ውፍረት ዲስኩ ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ማስጠረግ አይቻልም።

ለማን የትኛው?

በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ፣ ከታመነ ቦታ የፋብሪካ ደረጃ ያለው ሸራና አዲስ የፍሬን ዘይት ግዙ። የካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) መንሸራተቻ ፒኖችም ተጠርገው ቅባት ይግባባቸው። ይሄ ጥምረት አሮጌ ዘይት ላይ ከሚገጠም ውድ ሸራ ይበልጣል። ምንም ጥርጥር የለኝም።

ማሻሻያችሁ መልክ ላይ ብቻ ከሆነ ሴራሚክ። የሞተሩ ጉልበት ከጨመረና አውራ ጎዳና ወይም ተራራማ መንገድ የምታዘወትሩ ከሆነ ፈጣን የመንገድ ሸራ፣ ማኅተም ያለው፣ ከአዲስ ዘይት ጋር። ለሱ የሚሆን ገንዘብ ከሌለ ጥሩ ዝቅተኛ ብረት ያለው። ከባድ የድምፅ ሲስተም፣ ጭነት ወይም ተጎታች ካለ ከፊል ብረት።

አልፎ አልፎ ትራክ የምትገቡ ከሆነ ለሁለቱም የሚሆን አንድ ሸራ አትፈልጉ። ሁለት ስብስብ ያዙ። ለመንገድ አንድ፣ ለትራክ አንድ። ከቻላችሁ ሁለቱም ከአንድ አምራችና ከተመሳሳይ የቅይጥ ቤተሰብ ይሁኑ። አንዱ ዲስክ ላይ ያስቀረው ስስ ሽፋን ከሌላው ጋር ካልተስማማ ፍሬኑ ይንቀጠቀጣል።

ትልቅ ካሊፐር ከትልቅ ዲስክ ጋር ያስገባችሁ ከሆነ የዲስኩ ሙቀት የመያዝ አቅም ስለጨመረ ኃይለኛ ሸራ ላያስፈልግ ይችላል። ብዙዎች ካሊፐሩንና ዲስኩን ቀይረው በዚያ ላይ የትራክ ሸራ ይጨምራሉ። ዲስኩ ከበፊቱ ያነሰ ስለሚሞቅ ሸራው ጭራሽ አይነቃም።

የፊትና የኋላ ነገር ደግሞ አይዘንጋ። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደፊት ስለሚሄድ ብዙውን ሥራ የሚሠሩት የፊቶቹ ናቸው። ገንዘብ ካጠረ ፊት ላይ የተሻለ፣ ኋላ ላይ የፋብሪካ ደረጃ ማድረግ ይቻላል። ተገላቢጦሹን ግን በፍጹም አታድርጉ። ኋላው ከፊቱ በልጦ ከያዘ የኋላ ጎማዎቹ ቀድመው መያዣ ያጣሉ፤ መኪናው ይዞራል። በአንድ አክስል ግራና ቀኝ ላይ የተለያየ ሸራ ማድረግም ክልክል ነው።

ከገጠማችሁ በኋላ

አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት። የአምራቹ መመሪያ ካለ እሱን ተከተሉ። ከሌለ ባዶ መንገድ ፈልጋችሁ፣ ከ60 ኪሎ ሜትር ወደ 10 ገደማ በመጠኑ እየያዛችሁ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ውረዱ። ጨርሳችሁ አትቁሙ። ከዚያ ፍሬን ሳትነኩ ጥቂት ደቂቃ ነድታችሁ አቀዝቅዙት። የጋለ ሸራ ይዛችሁ ፔዳሉን ረግጣችሁ ከቆማችሁ የሸራው ቅርጽ ዲስኩ ላይ ይታተማል። በመጀመሪያዎቹ ፍሬኖች የሚነድ ሙጫ ሽታ ቢመጣ አትደንግጡ፤ እየበሰለ ነው። ይህ ሂደት እስኪያልቅ ረጅም ቁልቁለት አትውረዱ። አዲስ ሸራ መጀመሪያ ሲግል የሚያወጣው ጋዝ ለጊዜው አያያዙን ሊቀንሰው ይችላል።

በአዲስነቱ ሸራው 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል። 3 ሲደርስ ቀይሩት። ስታዩ ከውጭ በኩል ያለውን ብቻ አትዩ። ፒኖቹ ከያዙ የውስጠኛው ቀድሞ ስለሚያልቅ፣ ጎማው ሲወልቅ በካሊፐሩ ኋላ በኩል በባትሪ አብርታችሁ እሱንም ለኩት።